ጥሬ

ፕሮፌሰሩ ጥሬ መብላት የጀመሩት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ነው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት የጥንት ሰዎች ምን ይበሉ እንደነበር ነው። ሥራሥር እየቆፈሩ፣ አጥንት ሰብረው መቅኒ እየመጠጡ የኖሩት ቀደምቶቻችን እሳት ከለመዱ ወዲህ ምግባቸው ለሰለሰ፤ ጥርሳቸውም እያነሰ መጣ ይሉ ነበር። በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን ሜዳ አውጥተው ድንጋይ ከድንጋይ አጋጭተው እሳት ያስነሱላቸው ነበር። "ሰው ያደረገን ምድጃ ነው" ማለት ይወዱ ነበር።

ስለዚህ ልጃቸው ስኳር ድንች በጥሬው ሲቆረጥሙ ስታገኛቸው አልደነገጠችም።

"አባዬ፣ ደግሞ ምን ልታጠና ነው?"

"እነሱም በዚህ ነው የኖሩት" አሉና ማኘካቸውን ቀጠሉ።

ጎረቤት አፉን አልያዘም። "ፕሮፌሰሩ ዛፍ ላይ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው" ተባለ። ልጅቷም አብራ ሳቀች።

እያደር ግን ሳቁ ጠፋ። ኮታቸው ሰፋባቸው፤ አንድ የመንጋጋ ጥርሳቸው ተሰበረ። የምታመጣላቸውን ሾርባ በማግስቱ እንደረጋ ይበሉታል። ሻይ ስትላቸው "ውሃ ይሻለኛል" ይላሉ።

"ሐዘን ነው" አላት ባሏ። "ከእናትሽ እጅ ሌላ አልጎርስም ብለው ነው።"

ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ከለቅሶው በኋላ ተናደደች። በማግስቱ ቤታቸው ሄዳ እፊታቸው ያለውን ካሮት አነሳችባቸው።

"እማዬ የአልጋ ቁራኛ ስትሆን አብስለህ ያጎረስካት አንተ አይደለህም? ዛሬ ለራስህ ምነው ጨከንክ? እሷን ልትከተላት ነው? እኔስ ልጅህ አይደለሁም?"

ፕሮፌሰሩ አቀረቀሩ።

"ለጥናትህ ከሆነ ይብቃህ። ለእሷ ከሆነም፣ እንዲህ ስትሆን ብታይ አትወድልህም።"

"ለማንም አይደለም።"

"ታዲያ ንገረኛ።"

"አፍሬ ነው" አሉ።

"እኔን ነው የምታፍረው?"

ፕሮፌሰሩ እጇን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ወሰዷት። ድስቶቹ ታጥበው እንደተደፉ አቧራ ለብሰዋል። ከቡታጋዙ አጠገብ ክብሪቱን አነሱና አገላብጠው አዩት፤ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቁት፤ ከዚያ መዳፏ ላይ አኖሩላት።

"ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በዚህ እንዴት ነበር እሳት የሚነደው?"