ለአበራ የመጣ ማዳበሪያ

«አበራ ኤርጫፎ!»

የገበሬ ማህበሩ ጸሐፊ ወንዳፈረው ሜጋፎኑን ከአፉ ሳያርቅ ነው ባሌን የጠራው። አዲስ ሰው ነው፤ ከሆሳዕና ከተማ ወደኛ ቀበሌ ከመጣ ወር አልሞላውም። አበራን የቀበርነው ፋሲካ ሳይደርስ መሆኑን ማን ይንገረው?

ማዳበሪያ ሊወስድ የተሰለፈው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከአጥሩ ውጭ ጋሪ እንደጎተቱ የቆሙት ፈረሶች እንኳ ጆሯቸውን ያቆሙ መሰለኝ። በእኛ አገር የሟች ስም በአደባባይ ከተጠራ መልሱ ለቅሶ ነው። ከጎኔ የቆመችው የአበራ አክስት፣ እትዬ ትርፌ፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ደረቷን ልትደቃ እጇን አነሳች። ሌሎቹ ሴቶች እሷን ነው የሚጠብቁት፤ እሷ ከጀመረች እኔም መሬት ላይ ነኝ።

«አበራ ኤርጫፎ! ሁለተኛ ጠርቻለሁ! ካሁን ወዲያ ወደ ቀጣዩ ነው የማልፈው!»

በመንግሥት ድጎማ የሚመጣው ማዳበሪያ፣ አበራ ሳይታመም የተመዘገበበት፣ ዛሬ ካመለጠኝ አመለጠኝ። ከነጋዴ ልግዛ ብል ላሟን መሸጥ ነው። ስንዴ ካልዘራሁ ደግሞ መሬቱን ማን እንደሚያርሰው አውቃለሁ፤ ሰውዬው ሰልፉን ጥሶ ከፊት ወጥቷል።

«ለወንድሜ እኔ አለሁ» አለ ምስክር፣ የአበራ ታናሽ። «ርብቃ ሐዘን ላይ ናት። ወደ እኔ ስም ይዙርና እኔ አርሳለሁ። የምትበላውን አላሳጣትም።»

ምስክር ክፉ ሰው አይደለም። የወንድሙን መቃብር ሲቆፍር አካፋውን ከእጁ የሚያስጥለው ጠፍቶ ነበር፤ አልሰጥም ብሎ። ግን ወደ እሱ ስም የዞረ ማዳበሪያ የእሱ ስንዴ ይሆናል። የእሱ ስንዴ የበቀለበት መሬትም ቀስ እያለ የእሱ ይሆናል። እኔ እንሰቴን ታቅፌ በገዛ ጓሮዬ እንግዳ ልሆን ነው።

የእትዬ ትርፌን እጅ አየር ላይ ያዝኩት።

«አለሁ!» አልኩ።

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ወንዳፈረው ሜጋፎኑን አወረደ።

«አበራ አንቺ ነሽ?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው አፍሮ አፉን በእጁ ያዘ።

«አበራ ሞቷል፣ ወንድሜ። እኔ ሚስቱ ነኝ። የመሬቱ ደብተር ላይ ፎቶዬ ከፎቶው ጎን አለ። እሱ ሲሞት የኔ አልጠፋም።»

የወንዳፈረው ፊት ልውጥ አለ። «ይቅርታ እህቴ፣ ማንም አልነገረኝም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማን ያርስልሻል ግን?»

«የሐዘንተኛ ማሳ በደቦ ነው የሚታረሰው። የምዘራው እኔ ነኝ።» ዞር ብዬ ምስክርን አየሁት። «ምስክርም በሬዎቹን ይዞ ይመጣል። አይደለም እንዴ፣ ምስክር?»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ምስክር አንገቱን አከከ።

«እመጣለሁ እንጂ» አለ። «ያለ እኔ በሬዎች ምን ልታርሱ ነው?»

«ታዲያ እዚያ ከምትገተር ተሸከማ!» አለችው እትዬ ትርፌ።

ወንዳፈረው መዝገቡ ላይ በስሜ አስፈረመኝ፤ ምስክርም ተሸከመ። አንዱን ጆንያ የተከራየሁት ጋሪ ላይ ጫነ፤ ሁለተኛውንም። የሁለተኛው ጥግ ተቀዷልና ነጫጭ የዩሪያ ፍሬዎች ጣውላው ላይ ተንከባለሉ። እየለቀምኩ መለስኳቸው። ባለጋሪው ገመዱን ሲያጠብቅ ሴቶቹ አልተበተኑም፤ ዙሪያዬን ቆመዋል። እትዬ ትርፌ ቋጠሮውን ጎተት አድርጋ ፈተሸችና ወደ እኔ ዞረች።

«በይ ልጄ፣ ተጭኗል» አለችኝ። «አሁን እናልቅስለት።»

አፌን ስከፍት የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ አረፈ። ከሆሳዕና በኩል ደመናው ጠቁሮ ይመጣል። ዩሪያ ውሃ ከነካው ሟሟ ማለት ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከትከሻዬ ያልወረደውን ጥቁር ነጠላ ገፍፌ የተቀደደውን ጆንያ ሸፈንኩበት፤ ዳርና ዳሩን ገመዱ ሥር ወሸቅኩ።

ከዚያ እጄን እላዩ ላይ እንዳኖርኩ ስሙን ጠራሁ።