የሚደርሰኝ ግስ

ቲቸር ሲገባ ክፍሉ ጸጥ አለ። ሳምንት ሙሉ ቀርቶ ዛሬ መመለሱ ነው። ጢሙን አልተላጨም፤ አርጩሜው ግን ያው ነው።

"ፓስትና ፓስት ፓርቲሲፕል!" አለ።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለውን የግስ ሠንጠረዥ በቃል በሉ ማለቱ ነው። ከፊተኛው ዴስክ ጀምሮ ለአንድ ሰው አንድ ግስ ይደርሰዋል፤ ያልመለሰ ይገረፋል።

እኔ እንደ ሁልጊዜው ከፊቴ ያሉትን ቆጠርኩ። ማን የት እንደሚቀመጥ ስለማውቅ ቀና እንኳ አላልኩም። የሚደርሰኝ "ቢልድ" ነው። ሌላውን ትቼ እሱን ብቻ አነበነብኩ።

አርጩሜው ሁለት ልጅ ገርፎ እኔ ዘንድ ደረሰ። ተነሣሁ።

"ቢልድ፣ ቢልት፣ ቢልት!"

"ከ'ብሬክ' ቀጥሎ 'ቢልድ' ነው እንዴ? 'ብሪንግ' የት ሄደ?"

አርጩሜው ወደ ላይ ተነሣ። እጄን ዘረጋሁ።

"ቆጥሬ ነው ቲቸር።"

"ምኑን ነው የቆጠርከው?"

"'ብሪንግ' የስመኝ ነው፤ የኔ ከሷ ቀጥሎ ነው።"

አጠገቤ ያለው ልጅ እግሬን ረገጠኝ። ያኔ ቀና አልኩ። ከፊቴ ያለው የስመኝ ቦታ ባዶ ነበር። ቀብሯ ላይ ሁላችንም ቆመናል፤ እኔም ቆሜያለሁ።

ቲቸር አርጩሜውን ቀስ ብሎ አወረደ።

"ልክ ነህ። የዘለልኳት እኔ ነኝ" አለ።

ከዚያም ባዶው ቦታ ላይ እጁን አሳርፎ፣ "ብሪንግ፣ ብሮት፣ ብሮት" ብሎ ለሴት ልጁ መለሰላት።