የቀይዋ አውሮፕላን እግሮች

አባትየው አውሮፕላኗን ሳያዩ አይሞቱም። እንዲያ ብለዋል፤ እሳቸው ደግሞ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ልብስ ሰፊ ልጃቸው ሾፌር ባሏን ከቀበረች በኋላ ነው። ልጅቱ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና አልነሳም አለች። ቢለምኗትም ቢቆጧትም እህል አልቀምስም አለች። ሰው ሁሉ «ይህችም ልትከተለው ነው» እያለ ከንፈሩን ሲመጥ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ አባትየው ለብቻቸው ሐኪም ቤት ደርሰው መጡና እሳቸውም አልጋ ላይ ወደቁ።

«ልብህ አልቋል አለኝ። አንድ ሐሙስ ነው የቀረኝ» አሉ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ያቺን ቀይዋን ሳላያት አልሙት።»

ቀይዋ የድሮ የውድድር አውሮፕላን ናት። የምትነሳውም የምታርፈውም ውኃ ላይ ስለሆነ በጎማ ፈንታ ጀልባ የመሰሉ ሁለት እግሮች አሏት። አባትየው በወጣትነታቸው ሞተሯን ዘይት ያጠጡ ነበር። እሷ ተፈታታ ቁርጥራጭ ብረት ከሆነች ቆይታለች፤ ንድፏን ግን ጠቅልለው አስቀምጠውታል።

ልጅቱ ተነሳች። ምን ታድርግ፣ አባት ነው! የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጋ፣ የአውሮፕላኗን ትንሽ አምሳያ ልትሠራ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ቀላል እንጨት ቆረጠች፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፣ በኮላ አጣበቀች። ክንፉን ጨርቅ ማልበሱ ላይማ ማን ይችላታል። አባትየው አልጋቸው ላይ ሆነው ያዛሉ።

«አፍንጫዋ ይቅጠን እንጂ! ውድድር ነው የምትሄደው፣ ገበያ አይደለም።»

ቀለም መቀባት ብቻ ሲቀር አባትየውን ጋዜጣ አማራቸው። ልጅቱ ገዝታ ስትመለስ የአውሮፕላኗ አንድ እግር ከገላዋ ከሚያያይዘው ምሰሶ ላይ ተሰብሮ አገኘችው።

የአባትየው ሕግ ደግሞ ክፉ ነው። በእሳቸው ሙያ የተሰበረ እግር አይጠገንም፤ ሚዛኗ እንዳይዛባ ሁለቱም ወልቀው እንደ አዲስ ይሠራሉ። «ኮላ ቀብተሽ እንዳታታልዪኝ» አሉ። ልጅቱ አለቀሰች፤ አልቅሳ ስታበቃ ቢላዋዋን ሳለች።

አዲሶቹ እግሮች ደርቀው ሳያበቁ ደግሞ ተሰበሩ። ያን ቀን ብርቱካን ልታመጣ ወጥታ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ መድኃኒት ልታመጣ። ሰባሪው ክንፉን አይነካ፣ ገላዋን አይነካ፣ ሁልጊዜ እግሯን ብቻ። ወይ ተንኮል!

ታዲያ ማን ይሆናል? አባትየው ሰው ካልደገፋቸው ከአልጋ አይወርዱም። የምትቀረው አክስትየዋ ናት።

አክስትየዋ የአባትየው ታናሽ እህት ስትሆን ወንድሟን ልታስታምም የመጣች፣ ምላሷ ከመርፌ የሾለ ሴት ናት። የወንድሟን ባዶ ሳህን ባነሳች ቁጥር «ሟች እንዲህ ሲበላ አይቼ አላውቅም» ትላለች። ልጅቱን ደግሞ «ወይ ጨርሺው ወይ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ነፍሱን አንጠልጥሎ የያዘው ይኼ መጫወቻ ነው» ትላታለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ልጅቱ ዓይኗን ጣለችባት።

አባትየው በየማታው ይጠይቃሉ።

«ደረሰች?»

«ነገ፣ አባዬ።»

«ነገ... እኖር ይሆን?»

ለራሷ ሞትን ስትለምን የነበረችው ሴት አሁን የምትለምነው ዕድሜ ሆነ፤ እሷ ሳትጨርስ እሳቸው እንዳይቀድሟት። የአውሮፕላኗ እግር እንደገና የተሰበረ ዕለት ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«እትዬ፣ እጅሽን አንሺልኝ!»

«የምን እጅ?»

«የወንድምሽን የመጨረሻ ምኞት ትሰብሪያለሽ? ምን በደለሽ?»

አክስትየዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። «እኔን ነው? ይሁን። ፈጣሪ ያውቃል» ብላ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች። አባትየው ብርድ ልብሳቸውን ተከናነቡ። የእህት ክህደት ከበሽታው ብሶባቸው ነው ብላ ልጅቱ አዘነችላቸው።

ከዚያ በኋላ እጇ ፈጠነ። እግሮቹን እንደገና ቀርጻ ተከለች፣ የአውሮፕላኗን ገላ ደም አስመስላ ቀባች፣ ፕሮፔለሯን በጣቷ አሽከረከረች። ቆንጆ ነበረች፤ እውነትም ቆንጆ።

«አባዬ፣ አለቀች! ቀለሙ ይድረቅና ዛሬውኑ እጅህ ላይ ናት።»

አባትየው እንደ ጓጉት አልሆኑም። «ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያማ ታያታለህ።»

«አንቺስ? እሷ ካለቀች ምን ትሠሪያለሽ?»

ልጅቱ እጇ ላይ ያለውን ቀለም በጨርቅ ጠረገች። «እኔማ እተኛለሁ፣ አባዬ። ደክሞኛል።»

አባትየው አውሮፕላኗን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «እስቲ ብርቱካን አምጪልኝ፤ አፌ መረረኝ።»

ዘንቢሏን ይዛ ወጣች። መንገዱን ሳትሻገር ቦርሳዋን መርሳቷ ትዝ ብሏት ተመለሰች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። አልጋው ባዶ ነው። አባትየው በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ልጄ ነገም ከአልጋዋ ትነሳልኝ» አሉና የአውሮፕላኗን እግር ቀጭ አደረጉት።