ግንባርና ጉንጭ

«አትፈትጊው አልኩሽ! ነካ ነካ ነው፣ ነካ ነካ» አለች ኢብቲሳም፣ የፈለቀችን እጅ ከጉንጯ ላይ ቀስ አድርጋ እያነሳች። «የማዳምን ድስት እያጠብሽ አይደለም'ኮ፣ ሀቢብቲ።»

ፈለቀች እጇን ሰበሰበች። ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር፣ እንደሷ የሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ለዓርብ ዕረፍታቸው ተጋግዘው በተከራዩት ክፍል ውስጥ፣ ፊቷን ለመስኮቱ ብርሃን ሰጥታ ተቀምጣለች። ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አለ። በረመዳን ለአፍጥር ሳምቡሳ ስትጠብስ ዘይት ተፈናጥሮ የጣለባት ነው። ቁስሉስ ድኗል። ያልዳነው «ተቃጠለች» የሚለው ወሬ ነው፤ ከማን አፍ እንደወጣ እንጃ፣ ባሕሩን ተሻግሮ እናቷ ጆሮ ገባ።

እንግዲህ የእናት ነገር ታውቁት የለም? ጌጤነሽ ደም ብዛት አለባት። ልጇ «ውሸት ነው፣ ደህና ነኝ» ብትላት፣ «ደህና ከሆንሽ ፊትሽን አሳዪኝ፤ እስከዚያ እህል አልቀምስም» ብላ ቁጭ አለች። ዛሬ የጎረቤቷን የቀለመወርቅን ስልክ ይዛ እየጠበቀች ነው።

ኢብቲሳም የተጠራችውም ለዚሁ ነው። መካ ተወልዳ ያደገች የወሎዬዎች የልጅ ልጅ ናት፤ እዚሁ ጅዳ የሴቶች መኳኳያ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። አማርኛዋን ያገኘችው ከአያቷ ነው፤ ሲያጥራት በዓረብኛ ትሞላዋለች።

ፈለቀች ማዳሟ የሰጠቻትን ፋውንዴሽን አውጥታ አቀበለቻት። ኢብቲሳም አገጯ ስር ጠብ አድርጋ አየችው።

«ላ፣ ላ! ይሄ ለማዳምሽ ነው። ወፍጮ ቤት የዋልሽ ነው የምትመስዪው።»

«እጄ ላይ ሞክሬው ነበር'ኮ።»

«እጅ ይዋሻል። ቀለም የሚሞከረው አገጭ ስር ነው፣ በፀሐይ ብርሃን።»

«የኔ እጅስ አይዋሽም» አለች ክፍሉን ከሚጋሩት አንዷ ሙሉሸዋ፣ ፍራሹ ላይ ተጋድማ። «እሱንም ፊቴንም እኩል በረኪና በልቷቸዋል።»

ፈለቀች ልትስቅ ስትል ኢብቲሳም አገጯን ያዘቻት። መጀመሪያ ጠባሳው ላይ ብርቱካንማ ቅባት አደረገች፤ ጥቁረቱን የሚበላው እሱ ነው አለች። እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ የፈለቀችን መልክ የሚመስል ቡናማ ፋውንዴሽን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ነካ ነካ እያደረገች ዳር ዳሩን ከቆዳዋ ጋር አዋሃደችው። ፓውደር ነሰነሰችበት።

«ግንባርሽንስ ማን ሠራው? ማሻአላህ፣ ልክ ነው።»

«እሱማ የየቀኔ ነው። ሳልቀባው ከክፍሌ አልወጣም። የራሴ የቀለም ብልቃጥ ዛሬ አለቀች እንጂ ጉንጬንም በሷ እሠራው ነበር።»

መስታወቱን ሰጧት። ጠባሳውን ፈለገችው፤ አጣችው። «ወይኔ እናቴ! ምንም ያልነካኝ መሰልኩ'ኮ!»

ሙሉሸዋ ደወለችና ስልኩን ፊት ለፊቷ ያዘችላት። ምስሉ ቆረጥ ቀጠል ሲል ቆይቶ ረጋ።

«እምዬ! ይኸው እኔ!»

«እስቲ ዙሪልኝ። በዚህ ደግሞ። እሰይ! እሰይ ልጄ! ምላሳቸው ይቆረጥ፣ ተቃጠለች ያሉኝ! አሁን ፊት ለፊት እዪኝ።»

ፈለቀች ፈገግ ብላ አየቻት። የጌጤነሽ ዓይን ግን ልጇ ግንባር ላይ ተተከለ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች።

«መስቀልሽስ?»

የፈለቀች እጅ ወደ ግንባሯ ሄደ። መስቀሏን በልጅነቷ እናቷ ጭኗ ላይ አጋድማ ነው ያስነቀሰቻት። ማዳሟ ቤት ማንም ደብቂው አላላትም። ብቻ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲላት፣ መመለሱ ሰለቻትና መቀባት ጀመረች። ዛሬም ጣቷ እንደለመደው ቀብቶት ወጣ። ስለ ጉንጯ ስትጨነቅ ግንባሯን ረሳችው።

«ፋቁት? ሃይማኖትሽን አስለወጡሽ? ቁርጡን ንገሪኝ!»

«ኧረ አይደለም እምዬ፣ ቀለም ነው!»

«ያንን የመሰለ መስቀል በቀለም ይጠፋል?» ብላ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ከኋላዋ «ጌጤ፣ በማርያም ተቀመጪ!» የሚል የቀለመወርቅ ጩኸት ተሰማ።

ኢብቲሳም ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች፤ በሒጃቧ ብትታይ ነገሩን እንዳታብሰው ፈርታ። ከዚያው ሆና ከቦርሳዋ እርጥብ መጥረጊያ መዝዛ ለፈለቀች ወረወረችላት።

«ያላ፣ ፈትጊው!» አለች በሹክሹክታ።

«ነካ ነካ አላልሽም?» አለች ሙሉሸዋ።

«ኸላስ፣ ፈትጊው አልኩሽ!»

ፈለቀች ፈተገችው። ቡናማው ተነሣ፤ መስቀሉ አረንጓዴ ሆኖ፣ አራት ጫፉም ሳይጎድል ብቅ አለ። እዚያ ማዶ እልልታው ቀለጠ። ጌጤነሽ ስልኩን ሳመችው፤ ምስሉ ሁሉ ከንፈር ብቻ ሆነ። እዚህም ሳቁ፣ ኢብቲሳምም አፏን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ ጌጤነሽ ዓይኗን ጠረገችና ተጠጋች።

«ልጄ።»

«እመት፣ እምዬ።»

«ይሄ መስቀል የሸፈነ ቀለም... ጉንጭሽም ላይ አለ?»

ፈለቀች ኢብቲሳምን አየቻት። ኢብቲሳም መጥረጊያውን ከእጇ ተቀብላ፣ በንጹሑ በኩል አጥፋ መለሰችላት።

መጀመሪያ ፓውደሩ፣ ቀጥሎ ቡናማው፣ በመጨረሻ ብርቱካንማው ሄደ። ጠባሳው ወጣ።

እናቷ አልጮኸችም። አውራ ጣቷን ወደ ስልኩ አመጣች፤ ጥፍሯ መስታወቱን ሲነካ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ሂንዳዊያ ድረስ ተሰማ። የልጇ ጉንጭ ያለበትን ቦታ፣ ሳትፈትግ፣ ነካ ነካ፣ ነካ ነካ ታደርገዋለች።