ሁለት ስልክ ተሰክቷል፤ የትኛውን ልጠቀም?

«ፍቀድ... ፍቀድ... ፍቀድ...»

ጋላንግ ስክሪኑን በቅጡ ሳያይ ነው የሚጫነው።

አጠገቡ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባው ኒንግሩም ታዘበችው። «አንብበው እንጂ። ምን እየፈቀድክ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ባነብም ባላነብም ፍቀድ ነው የምለው» አላት።

ነገሩ ኢንዶኔዥያ፣ ባንዱንግ ከተማ ውስጥ ነው። ረመዳን ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል፤ የቢሮው ሰው ለዒድ ወደየሀገሩ ሄዷል። እነዚህ ሁለቱ የቀሩት የሚያዘጋጁት አፕ አልሠራ ብሎ ነው።

አፑ የዒድ ይቅርታ መላኪያ ነው። በዒድ ቀን ልጅ እናቱ ፊት ተንበርክኮ፣ ታናሽ ታላቁን እጅ ነስቶ ይቅርታ ይጠይቃል። በአካል መድረስ ያልቻለ በስልክ ይልካል።

ታዲያ «ላክ» የምትለዋን ሲነኳት አፑ ድርግም ብሎ ይጠፋል...

ጋላንግ ኤአይ ረዳቱን ከስልክ መሞከሪያው መሣሪያ ጋር አገናኘው። ከዚያ በኋላ ረዳቱ ራሱ የስልኩን ስክሪን ያያል፣ ይነካል፣ ይጽፋል። አፑ ሲጠፋ ደግሞ ምክንያቱን አንብቦ ኮዱን ያስተካክላል። ከሰው የሚጠበቀው «ፍቀድ» ማለት ብቻ ነው።

እሱም ሲሰለቸው «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን ተጫነ።

ረዳቱ መሃል ላይ አንድ ነገር ጠየቀ። «ሁለት ስልክ ተሰክቷል፤ የትኛውን ልጠቀም? ካልመረጡ የመጀመሪያውን እጠቀማለሁ።»

ጋላንግ «እሺ ቀጥል» ብሎ ጻፈና ለማፍጠሪያ ኮላክ የሚሉትን ሙዝ በኮኮናት ወተት ሊገዛ ወረደ። ከዘገየ ሙዙን ሰው ለቅሞ ሾርባው ብቻ ነው የሚተርፈው።

ሲመለስ ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ጠበቀው። «ስህተቱ ተስተካክሏል። መልዕክቱ ተልኳል። ሙከራው ተሳክቷል።»

«አየሽ?» አላት።

ኒንግሩም ግን የሙከራውን ስልክ አንስታ እያገላበጠች ነበር። «ይሄ እኮ አልተነካም» አለችው።

ጋላንግ ሌላኛውን ስልክ አየ... የራሱ ነው። ቻርጅ ላድርገው ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ የሰካው።

ረዳቱ ከስም ዝርዝሩ የመጀመሪያውን መርጧል። «አጂ» ይላል።

ጋላንግ ክው አለ።

አጂ ታላቅ ወንድሙ ነው። ሶሎ ከተማ ከእናታቸው ጋር ይኖራል። ከተኮራረፉ ሦስት ዓመታቸው።

አባታቸው ያረፈ ቀን ጋላንግ በባቡር እየመጣ ነበር። ሲደርስ እሱን ሳይጠብቁ ቀብረው አፈሩ ተመልሷል። መቃብሩ አጠገብ ቆሞ አጂን «አንተ ወንድሜ አይደለህም» አለው፤ ከዚያ ወዲህ ለዒድ ሀገር ቤት ሄዶ አያውቅም።

ያን ቀን ስልኩን ከፍቶ «ማስ አጂ» ከሚለው ላይ «ማስ» የምትለዋን አጠፋ። ታላቅ ወንድምን ያለ «ማስ» መጥራት ንቀት ነው፤ እሱም ያጠፋት ለንቀት ብሎ ነው።

«ማስ» ስትጠፋ ግን ስሙ በላቲኑ «ኤ» ጀመረና ዝርዝሩ አናት ላይ ወጣ። ሊያዋርደው ብሎ አንደኛ አደረገው...

የተላከው መልዕክት ይሄ ነው። «ይህ ሙከራ ነው። በግልጽም በስውርም ለበደልኩህ ይቅር በለኝ። ይህ ሙከራ ነው።»

ሊያጠፋው ሞከረ። ተነቧል።

ኒንግሩም በስህተት ነው ብለህ ጻፍለትና ተገላገል አለችው። ጻፈ... አጠፋው። ደግሞ ጻፈ... አጠፋው።

እናቱ ትዝ አለችው። ዓይኗ እየደከመ ነው። ባለፈው ስትደውል «ለከርሞ ብትመጣ ድምፅህን ነው የምሰማው፣ ፊትህን ላላየው እችላለሁ» ብላዋለች። እሱ ግን መጀመሪያ አጂ ይቅርታ ይጠይቀኝ ብሎ ድርቅ እንዳለ ነው።

ከአጂ መልስ አልመጣም።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ የቢሮው በር ተንኳኳ።

አጂ ነው። ሰው ሁሉ ከከተማ ወደ ሀገር ቤት ሲጎርፍ እሱ ሞተሩን አስነስቶ ብቻውን በተቃራኒው መጥቷል። ፊቱ አቧራ ለብሷል። እጁ ላይ ሁለት ሄልሜት ይዟል።

«ማስ...» አለ ጋላንግ። ቃሏ ከአፉ ስትወጣ እሱንም አስደነገጠችው። «መልዕክቱን የላክሁት እኔ አይደለሁም። ማሽኑ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለት ቦታ ሙከራ ነው ይላል እኮ፤ ማንበብ አያቅተኝም።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

አጂ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበብ ስፈልግ ነበር። ማሽንህ ሰበብ ላከልኝ።»

ሄልሜቶቹን ከጎኑ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሽማግሌዎቹ በቃ እንቅበረው ሲሉ፣ ወንድሜ መንገድ ላይ ነው ትንሽ ታገሱኝ ማለት ነበረብኝ» አለ አጂ። «ፈራኋቸው፤ ዝም አልኩ። እስካሁን ያቃጥለኛል። ይቅር በለኝ ወንድሜ... ይሄኛው ሙከራ አይደለም።»

ጋላንግ አለቀሰ። ኒንግሩም ስልክ ተደወለልኝ ብላ ወጣች፤ ማንም አልደወለላትም።

ጠዋት ሁለተኛውን ሄልሜት አጥልቆ ከወንድሙ ኋላ ተፈናጠጠ። የዒድ ቀን እናታቸው ፊት ጎን ለጎን ተንበረከኩ። እሷም የጋላንግን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየችው።

ጋላንግ የዚያን ዕለት ስልኩ ላይ «ማስ» የምትለዋን መለሳት። ስሙ ከዝርዝሩ አናት ወርዶ መሃል ገባ።

እንግዲህ ወገኖቼ... ለኮድ ጸሐፊዎቹ፣ ማሽን ሲጠይቃችሁ አንብባችሁ ፍቀዱ። ረዳቱ ጠይቋል፣ ቀጥል ተብሎ ነው የቀጠለው።

ለሌሎቻችን ደግሞ... መጀመሪያ እሱ ይቅርታ ይጠይቀኝ የምንለው ሰው፣ እሱም እዚያ ማዶ ሰበብ እየፈለገ ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ የሚሳሳትልን ማሽን አናገኝም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ከአጂና ከጋላንግ መጀመሪያ መደወል የነበረበት ማነው? ስልካችሁ ውስጥስ በኩርፊያ ስሙን ያሳጠራችሁበት ሰው አለ?