የማንጎው ሥር አውቶቡስ

በጋምቤላ ከተማ አውቶቡስ ድርጅት ሶፍትዌር ሊሸጥ የመጣ ሁሉ የሚፈተነው በሞተ አውቶቡስ ነበር፤ እዚያ ቤት ብልጠት አይታጣም። ከባሮ ወንዝ ተጎትቶ የወጣው አሮጌ አውቶቡስ ሞተሩ ተነቅሎ ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር ቆሟል። አብሮ የሰጠመው ሾፌሩ ኦሉም ግን አልተገኘም። አውቶቡስ የት እንዳለ በስክሪን ካርታ ላይ በነጥብ የሚያሳየውን የሻጩን መከታተያ እዚያ አውቶቡስ ላይ ይገጥሙና፣ ስክሪኑ "እየሄደ ነው" ካለ ሰውየውን በሳቅ ይሸኙታል።

አንድ ቀን የአዲሱ ሻጭ ነጥብ ስክሪኑ ላይ መንቀሳቀስ ስትጀምር የኮሚቴው አባል ውቤ ጭኑን መታ። "አጁሉ፣ ይኼም ወደቀ! በይ ሸኚው!" የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢ አጁሉ፣ የኦሉም ሚስት፣ በመስኮት አየች። አውቶቡሱ ማንጎው ሥር ነበር። ነጥቧ ግን ድልድዩን ተሻገረች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ታጠፈች፣ አንድ ግቢ በር ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ቤቱ ጎራ ብሎ ይሆናል" አለ ምንም የማያውቀው ሻጭ። ግቢው የማን እንደሆነ ውቤም ያውቃልና ሳቁ ጠፋ። አጁሉ ወደ ቤቷ ደወለች።

"እማ፣ ውሻው ምን እንደነካው እንጃ" አለች ልጇ። "በሩ ላይ ጅራቱን እየቆላ ያለቅሳል። በቀዳዳ አየሁ፣ ሰው የለም።"

አጁሉ ዓይኗን ከነጥቧ ሳትነቅል፣ "ወለል አድርገሽ ክፈቺለት" አለች።