ቤኒ የሚሠራው ቤት

የቤኒ የጌም ካሴት፣ ተጫዋቹ ራሱ ቴሌቪዥኑ ላይ ጡብ እየደረደረ ትንሹን ሰውዬ የሚያዘልልበት ነበር። ካሴቱ ግን የተሠራውን ማስቀመጥ አያውቅም፤ መብራት ሲጠፋ የተሠራው ሁሉ ይጠፋል። ሶዶ ላይ ደግሞ መብራት ሳይጠፋ አይዋልም። ስለዚህ ቤኒ ጌሙ ውስጥ ቤታቸውን ከነሶፋው በየቀኑ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር።

ቤኒ በተቀበረ ማግስት፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ እናቱ እህቱን ማክዳን «ቤቱ ጭር አለ፤ ጌሙን ክፈቺው» አሏት።

ከፈተችው። ቤታቸው ተሠርቶ ቆሟል። ሶፋው የለም። ትናንት ሶፋውን አውጥተው ለለቅሶ እንዳነጠፉት፣ መሬት ላይ ፍራሽ አለ። ፍራሹ ላይ ሁለት ጡቦች ልክ እንደ እሷና እናቷ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሰውዬው ማንም ሳይነካው በበሩ ገባና መሐላቸው ተቀመጠ።

ማክዳ አልደነገጠችም፤ ከቀብሩ ወዲህ መደንገጥ ትቷታል። አጠገቧ ፍራሹ ቀስ ብሎ ጎድጎድ አለ።

«ማክዳ» አሉ እናቷ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ «ለወንድምሽ ጠጋ በይለት።»